ጳጉሜን ሦስት በአራት ብራውዘር

ዕዝራ ባይዛ ሰላምታን እንኳ አንድ ጊዜ ሰምቶ የሚያምን ሰው አልነበረም። «ደህና ነኝ» ያለው ሰው ጥቂት እርምጃ እንደ ራቀ መልሶ ጠርቶ «በእርግጥ?» ይለዋል። ይህን ጠባዩን ከክፋት የሚቆጥሩበት ሰዎች ነበሩ፤ ነገሩ ግን የሙያ ልማድ ነበር። እንጀራውን የሚያገኘው አንድን ጥያቄ ለአራት አቅርቦ፣ አራት መልስ ተቀብሎ፣ መልሶቹ መስማማታቸውን በመመዝገብ ነበር። ትክክል መሆናቸውን መዝግብ ያለው ሰው አልነበረም።

ሙያውን ለአርባ ምንጭ ሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነበር። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ስድስት ኮምፒውተር አሰልፎ ኢንተርኔት ቤት የሚያስተዳድረው ሽበሺ፣ ዕዝራ ደንበኛው በሆነ በመጀመሪያው ቀን አተኩሮ ካየው በኋላ ጠየቀው።

«ሥራህ ግን ምንድን ነው?»

«አንድን ድረ ገጽ በአራት ብራውዘር እከፍትና በአራቱም አንድ ዓይነት መሆኑን አያለሁ።»

«አንድ ዓይነት ካልሆነስ?»

«ልዩነቱን እጽፋለሁ።»

«አንድ ዓይነት ከሆነስ?»

«እሱንም እጽፋለሁ።»

ሽበሺ ጥቂት አሰበና «እናትህ ይህን ያውቃሉ?» አለው።

እናቱ አያውቁም ነበር። ቢያውቁም ግን አይደነቁም ነበር። ዕዝራ የተወለደው ጨንቻ ደጋ ላይ በ1973 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዘጠኝ ዓመቱ ገበያ ውስጥ ሦስት ገብስ ሻጮች የሚሰፍሩባቸውን ጣሳዎች አንድ በአንድ ተውሶ፣ ውኃ ሞልቶ፣ አንዱን በሌላው ውስጥ እየገለበጠ ሲያወዳድር ተገኝቷል። ሦስቱ ጣሳዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ። ሦስቱ ነጋዴዎች ግን በዚያ ቀን በአንድ ሐሳብ ተስማሙ፤ ይኸውም ልጁን ከገበያው በማባረር ነበር። ለማወዳደር ያለው ፍቅርም ሆነ ከዚህ ፍቅር አንዳች ጥቅም አለማግኘቱ የተጀመረው ያን ጊዜ ይመስለኛል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲደርስ ከደጋው ወርዶ ላንቴ ከምትኖረው ከታላቅ እህቱ ከወርቂቱ ዘንድ ተቀመጠ። ወርቂቱ የሙዝ ገበሬ አግብታ አንዲት ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቱ ኑሃሚን ትባላለች። ዕዝራ ማታ ማታ የቤት ሥራውን ሲሠራ ኑሃሚን አጠገቡ ተቀምጣ ፊደል ትቆጥር ስለነበር፣ ትምህርት ቤት የገባችው ማንበብ ችላ ነው። እህቱም ለአራት ዓመት አብልታ አጠጥታ ስታስተምረው አንድም ቀን ውለታዋን አላነሳችበትም። እንዲህ ያለ ውለታ ተነሥቶ ካልቀለለ ከባድ ነው፤ ዕዝራ ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ሲወጣም ተሸክሞት ወጣ።

ከተመረቀ በኋላ ዘጠኝ ዓመት የተበላሸ ማተሚያ ማሽን ሲጠግንና ለጓደኞቹ የሥራ ማመልከቻ ሲያርም ቆየ። በ2005 ዓ.ም. ሴቻ በሚባለው የከተማው ክፍል ጽሕፈት ቤት የከፈተ አንድ የትምህርት ዕድል ሰጪ ማኅበር ቀጠረው። ማኅበሩ በየዓመቱ ሃያ ልጃገረዶችን ነርስ እንዲሆኑ ሦስት ዓመት ሙሉ ያስተምራል፤ ማደሪያና ቀለብም ይሰጣል። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ምዝገባው በድረ ገጽ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ገጹን የሠራው አዲስ አበባ ያለ አንድ ባለሙያ ነበር። የዕዝራ ድርሻ ገጹ የዞኑ ሰው በሚጠቀምባቸው ብራውዘሮች ሁሉ እኩል መሥራቱን ማረጋገጥ ሆነ።

ብራውዘር ድረ ገጽ የሚከፈትበት ፕሮግራም መሆኑን ዛሬ የማያውቅ የለም። ያን ጊዜ የሽበሺ ደንበኞች በስሙ ሳይሆን በምልክቱ ነበር የሚጠሩት፤ አሮጌው «ሰማያዊው»፣ ቀጣዩ «ቀበሮው»፣ አዲሱ «ባለቀለሙ»፣ በእጅ ስልክ የሚከፈተው ደግሞ «ቀዩ» ይባል ነበር። አንድ ደብዳቤ ለአራት ሰው ቢሰጥ እያንዳንዱ በራሱ ዜማ እንደሚያነበው፣ አራቱም አንዱን ገጽ በየራሳቸው ልማድ ያነቡታል። በአንዱ ላይ ፊደሉ ተሰባብሮ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል። በሌላው ላይ «ላክ» የሚለው ቁልፍ ከሊቀ መንበሩ ፎቶግራፍ ሥር ተደብቆ ተገኘ፤ ዕዝራ ይህን ሲመዘግብ ከሊቀ መንበሩ ጋር የተያያዘ አንዳችም አስተያየት እንዳይመስልበት ዓረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ አሻሽሎታል።

የሚመዘግብበትን ቅጽ ያዘጋጀው ራሱ ነበር። በግራ በኩል ሠላሳ ስምንት የፍተሻ ነጥቦች ተዘርዝረዋል፤ በቀኝ በኩል ሁለት ሳጥኖች አሉ። አንደኛው «ይመሳሰላል»፣ ሁለተኛው «ይለያያል» ይላል። ሦስተኛ ሳጥን አልነበረም።

በዚያ ዓመት ኑሃሚን ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከሞተ ወዲህ ላንቴ ላይ ሙዝ እየለየች መኪና ላይ የምትጭን ሠራተኛ ሆናለች። ነርስ የመሆን ሐሳቧን ለሰው አትናገርም ነበር፤ ለእናቷና ለዕዝራ ብቻ ነግራቸዋለች። ማኅበሩ የሚቀበለው ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላትን አመልካች ብቻ ስለሆነ፣ ለኑሃሚን ይህ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ዓመት ነበር። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ስለሚያውቁም ብዙ አላወሩበትም።

የአካባቢው ሰው አብዛኛው የተወለደበትን ቀን አያውቅም። ኑሃሚን ግን ታውቃለች። ወርቂቱ የወለደቻት በ1980 ዓ.ም. ጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ሰው ሁሉ ዝናቡን ጠበል ነው ብሎ ደጅ ወጥቶ በሚጠመቅበት ሰዓት ነው። አዋላጇ ሴት እንኳ ርሳ ነበር የገባችው። የክርስትና ምስክር ወረቀቷም ላይ ቀኑ በጉልህ ተጽፏል።

ዕዝራ የልደት ቀን መሙያውን ሲፈትሽ ከሁሉ የሚከብደውን ቀን ፈለገና የእህቱን ልጅ ልደት አስገባ። ሦስት፣ አሥራ ሦስት፣ 1980። ውጤቱ በሥራ ዘመኑ ካያቸው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ሰማያዊው ቀኑን ያለ አንዳች ቃል ተቀብሎ የሚቀጥለው ዓመት መስከረም ሦስት አደረገው። ቀበሮው ሥፍራውን ባዶ አድርጎ ላከው፤ ቀዩም ተከተለው። ባለቀለሙ በቀይ ጽሑፍ «ትክክለኛ ቀን ያስገቡ» ብሎ ገሠጸ። ዕዝራ «ይለያያል» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክቱን ሲያደርግ ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበርና፣ ሽበሺ ከወዲያ ማዶ «ምነው፣ ሎተሪ ደረሰህ?» አለው።

አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ በሦስተኛው ቀን «ተስተካክሏል» የሚል አጭር መልስ ላከ። ዕዝራ ገጹን ከፈተ። ወር ከእንግዲህ የሚጻፍ ሳይሆን ከዝርዝር የሚመረጥ ሆኗል። ዝርዝሩ ከመስከረም ይጀምራል፤ በነሐሴ ያበቃል። በአራቱም ከፈተ፤ በአራቱም በነሐሴ ያበቃል። ባለሙያው ችግሩ የአራቱ አለመስማማት መሆኑ ተነግሮት አስማማቸው። ዕዝራ ወረቀቱን ይዞ ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ሴቻ ወጣ።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ወሰንየለሽ በማግስቱ የሚጀመረውን ምዝገባ በሬዲዮ አስነግረው ጨርሰው ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ ታች ብቻ አዩ።

«ፊርማህ የታለ? ይመሳሰላል ወይስ አይመሳሰልም?»

«ይመሳሰላል። ግን ጳጉሜን የለችም።»

«የት ሄደች?»

«ከአራቱም ጠፍታለች።»

«እኩል ነው የጠፋችው?»

«እኩል ነው።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ተረብ የሚወዱ ሰው ቢሆኑም ሥራ ላይ አይቀልዱም ነበር።

«ስማ ዕዝራ። የአዲስ አበባው ሰውዬ በስልክ የሚገኘው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በጳጉሜን የተወለደች የምታውቃት አመልካች ካለች ንገረኝ፤ አሁኑኑ እደውላለሁ። እንዲያው ለወጉ ከሆነ ግን ተወው።»

ዕዝራ የሚያውቃት አመልካች አለች። ስሟ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበረው ወር ከጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች አንዱ ወንድሙን በዘበኝነት አስቀጥሮ፣ ሰው ሁሉ ለሁለት ሳምንት ሻይ የጠጣው በእሱ ስም ነበር። ዕዝራ በዚያ ሐሜት ውስጥ ዝም ብሎ ከተቀመጡት አንዱ ነው። «የእህቴ ልጅ ናት» ቢል ምን እንደሚባል በአራት ዓይነት ድምፅ ተሰማው። አራቱም ድምፆች አንድ ነገር ነበር የሚሉት።

«እንዲያው ለጥንቃቄ ያህል ነው» አለ።

«እንግዲያው ጥንቃቄህን ለሚመጣው ዓመት አቆይልኝ። ፈርም።»

ፈረመ። ከፊርማው በላይ «በተፈተሹት ብራውዘሮች መካከል ልዩነት አልተገኘም» የሚል በራሱ እጅ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ነበር። ቃል በቃል እውነት ነው።

ኑሃሚን በሦስተኛው ቀን ከላንቴ መጥታ ሽበሺ ቤት ተቀመጠች። ዕዝራም መጣ፤ ግን አብሯት እንደ መጣ እንዳይቆጠር ሁለት ወንበር ርቆ ሌላ ኮምፒውተር ከፈተ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ውጤቷን ሞላች። ወሩ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«አጎቴ፣ ጳጉሜን የለም።»

«አውቃለሁ። ነሐሴ 30 በይ» አለ ዓይኑን ከራሱ ኮምፒውተር ሳያነሳ። «ልዩነቱ ሦስት ቀን ነው።»

«ነሐሴ 30 አልተወለድኩማ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ሰፈሩ ሁሉ የሩፋኤል ዕለት መወለዴን ያውቃል።»

ሽበሺ ጣልቃ ገባ። «እህቴ፣ ኮምፒውተሩ የሰፈርሽ ልጅ አይደለም። ደግሞ ለሦስት ቀን ይህን ያህል! እኔ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ስንቱን ሰው መስከረም አንድ ቀን ወልጄዋለሁ። ቀኑን የማያውቅ ሁሉ እዚህ ሲመጣ የሚወለደው እንቁጣጣሽ ነው።»

«እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለች ኑሃሚን።

ሽበሺ ሳቀ። ዕዝራ አልሳቀም። ልጅቱ የአጎቷን ጀርባ ጥቂት አየችና ነሐሴን መረጠች፤ ሠላሳን መረጠች፤ ላከች። ገጹ «ተመዝግበዋል» አለ። ዕዝራ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ያንኑ ቃል በቀበሮው አይቶ መልኩ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋገጠ። በዚያች ሰዓት ይህን ማድረጉ ሊያስቅ ይችል ይሆናል፤ እጁን የሚያሳርፍበት ሌላ ነገር አጥቶ ነው።

ሐምሌ ላይ የአመልካቾች ማስረጃ ተመረመረ። መስከረም አንድ የተወለዱት ሁሉ አለፉ፤ የሚቃረናቸው ወረቀት አልነበራቸውምና። የኑሃሚን ውጤት ከላይ አራተኛ ነበር። ነገር ግን የክርስትና ወረቀቷ ጳጉሜን ሦስት፣ ምዝገባዋ ነሐሴ ሠላሳ ይላል። ግቢው ውስጥ በተለጠፈው ማስታወቂያ ላይ ከውድቅ ስሞች መካከል ስሟ፣ ከስሟ አጠገብም «የልደት ቀን ከማስረጃ ጋር አይመሳሰልም» የሚል ምክንያት ተጽፎ ዕዝራ አነበበው። ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወይዘሮ ወሰንየለሽ ክፍል ገባና ሁሉንም ተናገረ፤ ጳጉሜን በዝርዝሩ ውስጥ እንደሌለች፣ ነሐሴ በይ ያላት እሱ መሆኑን፣ ልጅቱ የእህቱ ልጅ መሆኗን።

ወይዘሮ ወሰንየለሽ አቋርጠው አልተናገሩም። ሲጨርስ መሳቢያቸውን ከፍተው ፊርማው ያለበትን ወረቀት አውጥተው ፊቱ አኖሩ።

«ይህንንስ ለኮሚቴው ምን ብዬ ላስረዳ?»

«እኔው አስረዳለሁ።»

አስረዳም። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ይፍሩ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ዕዝራን እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላበጡና መለሱለት።

«ልጄ፣ የምትለውን አምኜሃለሁ። ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም። ግን ዝርዝሩ ለለጋሾቹ ከተላከ ስድስት ቀን ሆነው። ሃያው ልጆችም ተነግሯቸዋል፤ ልብሳቸውን ሸክፈዋል። ሃያ ቦታ ሃያ ነው። የአንተን ለማስገባት አንዷን ማስወጣት አለብን። ዝርዝሩ ይኸው፤ የትኛዋ ትውጣ?»

ዝርዝሩን ወደ እሱ ገፋ አደረጉለት። የማላገጥ አልነበረም፤ የምር ጠይቀውታል። ዕዝራ ስሞቹን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ሃያኛዋ ከጫኖ የመጣች፣ እናትና አባት የሌላት ልጅ ነበረች፤ ሁኔታዋ በአጭሩ ከስሟ ፊት ተጽፏል። ወረቀቱን መልሶ ሰጣቸው።

«ቅን ሰው ነህ» አሉት አቶ ይፍሩ። «ቀደም ብለህ ብትሆን ግን ጥሩ ነበር።»

ወይዘሮ ወሰንየለሽ በረንዳው ድረስ ተከትለውት ወጡ። ተቆጥተው ቢሆን ይቀለው ነበር።

«ያን ቀን ጠይቄሃለሁ እኮ» አሉ። «አለች ብትለኝ አንድ ስልክ ነበር። አንድ ስልክ ብቻ፣ ዕዝራ።»

«ዘመዱ ናት እንዳይሉኝ ብዬ ነው።»

«ማን ነው የሚልህ? የአባቷ ስም ሌላ፣ ያንተ ሌላ፤ ማንም አያውቅ ነበር። ደግሞስ ቢያውቅ? የእኔ የወንድም ልጅ አመልክታለች። መጀመሪያ ቀን ነገርኳቸውና ከኮሚቴው ወጣሁ። አለቀ። እሷም ወድቃለች፤ ማንም አላማኝም።»

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። በዚያው ሳምንት ለአዲስ አበባው ባለሙያ ደብዳቤ ጻፉለት፤ አሥራ ሦስተኛው ወር በሁለት ቀን ውስጥ ተጨመረ። በአራቱም ብራውዘር በትክክል ይሠራል። የዕዝራ ውልም በዚያው ወር ለሁለት ዓመት ታደሰ፤ የታማኝነት ምስጋናም በጽሑፍ ተሰጠው። ደብዳቤውን ምን እንዳደረገው አላውቅም፤ ጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ግን አልሰቀለውም።

ነሐሴ ሲገባ ላንቴ ሄደ። ከአስፋልቱ ወርዶ በሙዝ ተክል መካከል ባለው ጭቃ መንገድ በእግሩ ተጓዘ። ኑሃሚን መኪና ከሚጫንበት ዳስ ሥር ቆማ የበሰለውን ከጥሬው ትለያለች፤ ከሙዙ የሚፈሰው ወተት መሳይ ፈሳሽ ደርቆ እጇን እስከ ክርኗ አጥቁሮታል። ስታየው ሥራዋን አላቆመችም። ማስታወቂያውን ሄዳ አንብባዋለች። የቀረውን ሁሉ፣ የኮሚቴውንና የሃያውን ቦታ ነገር፣ ቆሞ ነገራት። እሷም ዘለላ እያነሳች፣ ዘለላ እያስቀመጠች ሰማችው።

«አጎቴ፣ እኔ ከመመዝገቤ በፊት ጳጉሜን አለመኖሯን አውቀህ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«እና ዝም አልክ?»

«ዘመዱ ናት ብለው እንዳያሙኝ ፈራሁ።»

አንድ ዘለላ አንስታ አገላብጣ አየችው። አንድ ጎኑ ተጨፍልቋል፤ ለገበያ ከማይሆነው ክምር ላይ ጣለችው።

«ታዲያ አሙህ?»

«አላሙኝም» አለ ዕዝራ። «ቀድመህ ብትነግረን እናስተካክለው ነበር አሉኝ።»

ኑሃሚን ራሷን ነቀነቀች። ከአስፋልቱ በኩል የአይሱዙ ድምፅ ተሰማ፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ከተቀመጡበት ተነሱ። እሷም እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እማዬ ቤት አለች» አለችው። «አንተው ንገራት። እኔ አልነገርኳትም። ገና መልሱን እየጠበቀች ነው።»

ዕዝራ መኪናው እስኪያልፍ መንገድ ለቆ ቆመ። ከዚያ ወደ እህቱ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘ፤ ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው።